የኦሊ መጨረሻ፦ «ዘ ሚሲንግ» ተመልካቹን ለምን ለሁለት ከፈለ?

ማሳሰቢያ ይቅደም። ይህ ጽሑፍ የ«ዘ ሚሲንግ» ተከታታይ ድራማን የመጀመሪያ ምዕራፍ ፍጻሜ በግልጽ ይናገራል፤ የሁለተኛውንም ያነሳል። ገና ያላያችሁ ስምንቱን ክፍሎች አይታችሁ ተመለሱ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራማው በቢቢሲ ዋን ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ጀመረ፤ በየማክሰኞው ማታ እየታየ ዲሴምበር 16 ቀን አበቃ። የጻፉት ወንድማማቾቹ ሃሪ እና ጃክ ዊልያምስ ናቸው፤ ስምንቱንም ክፍሎች ያዘጋጀው ቶም ሻንክላንድ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ተመልካቹ አንድ ሆኖ ሲከታተል ቆየ። በስምንተኛው ሳምንት ግን አንዱ ወገን እንዲህ ያለ ደፋር ፍጻሜ አላየሁም ሲል፣ ሌላው ስምንት ሰዓቴን ተበላሁ ብሎ ተቆጣ። በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር።

እኔ ፍጻሜው ትክክል ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። የተቆጡትንም ግን ከንቱ አልላቸውም። ቁጣቸው ከየት እንደመጣ ክፍል በክፍል መከታተል ይቻላል፤ ምክንያቱም ቁጣውን ያሳደገው ድራማው ራሱ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ቶኒ ሂዩዝ (ጄምስ ኔስቢት) እና ሚስቱ ኤምሊ (ፍራንሲስ ኦኮነር) በ2006 የአምስት ዓመት ልጃቸውን ኦሊቨርን (ኦሊን) ይዘው በፈረንሳይ ለሽርሽር ሲጓዙ መኪናቸው ይበላሽና ሻሎን ዱ ብዋ በምትባል ትንሽ ከተማ ሆቴል ይይዛሉ። ከተማዋ የፈጠራ ናት፤ አብዛኛው ቀረጻ የተከናወነው ቤልጂየም ውስጥ ነው። ሰሞኑ የዓለም ዋንጫ ነው። ማታ ላይ አባትና ልጅ ለዋና ወጥተው ሲጨርሱ፣ ሰው እግር ኳስ ሊያይ ወደተሰበሰበበት ባር ጎራ ይላሉ። ቶኒ በሰዉ መካከል ተሹለክልኮ ወደ ባንኮኒው ይጠጋል። የሁሉም ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ሕዝቡ በደስታ ሲፈነዳ፣ ሲዘል፣ ሲገፋፋ አባት የልጁን እጅ ይለቃል። ዞር ሲል ልጁ የለም።

የመጀመሪያው ክፍል ወላጆችን ከሌላው ተመልካች ይበልጥ የመታው እዚህ ላይ ነው። አጋች አናይም፤ ጭምብል የለበሰ ሰው የለም፤ በር አይሰበርም። የሚታየው ማንኛውም ወላጅ በገበያ ወይም በንግሥ በዓል ላይ ለአፍታ የሚያደርገው ነገር ነው። በዚያ ላይ በ2007 አንዲት እንግሊዛዊት ሕፃን በፖርቱጋል የመዝናኛ ከተማ ከወላጆቿ ማረፊያ ጠፍታ የዓለም መነጋገሪያ ሆና ስለነበር፣ የብሪታንያ ተመልካች ይህን ድራማ ሲጀምር ባዶ እጁን አልነበረም። ወላጆቹን ለመፍረድም ለማዘንም ዝግጁ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ድራማው ይህን ስሜት አውቆ ይጠቀምበታል፦ በየክፍሉ ለቶኒ የምታዝኑበትን ትዕይንት ካሳየ በኋላ የምትፈርዱበትን ያመጣል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ታሪኩ በዋናነት በሁለት ዘመን ይሄዳል፣ በ2006 እና በ2014፤ በመካከል ወደ 2009ም ይገባል። በ2014 ቶኒና ኤምሊ ተለያይተዋል። ኤምሊ የምትኖረው ከማርክ ዋልሽ ጋር ነው። ማርክ በ2006 ቤተሰቡን እንዲያግዝ ከብሪታንያ የተላከ ፖሊስ ነበር። መርማሪው ጁሊያን ባፕቲስት (ቼኪ ካርዮ) ጡረታ ወጥቷል፤ ያነክሳል። ቶኒ ብቻ በአንድ ፎቶ ላይ ያየውን የኦሊን ሻርፕ ይዞ ወደ ከተማዋ ተመልሷል።

ይህ አቀራረብ ተመልካቹን በሁለት ገመድ ያስረዋል። አንደኛው የተለመደው ነው፣ ልጁ ይገኝ ይሆን ወይ የሚለው። ሁለተኛው ግን ወደ ኋላ ይጎትታል፦ ትዳሩ እንዴት ፈረሰ? የባፕቲስት እግር ምን ሆነ? ማርክ ከፖሊስነት ወደ ባልነት መቼ ተሻገረ? ውጤቱን አስቀድመን ስላየን ምክንያቱን እንጠብቃለን። ስለዚህ በምርመራው ምንም ባይገኝ እንኳ ክፍሉ ባዶ አይሆንም፤ ከሁለተኛው ገመድ አንድ ቋጠሮ ይፈታል። በእገታ ድራማ መካከለኞቹ ክፍሎች የሚሰለቹት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሚይዙና የጥያቄው መልስ እስከ መጨረሻ መቆየት ስላለበት ነው። ዊልያምሶች ያንን ችግር የፈቱት በዚህ መንገድ ነው።

ዋጋው ደግሞ ግራ መጋባት ነው። ስልክ እየነካካ የሚያይ ሰው በሦስተኛው ክፍል ላይ የትኛው ዘመን ውስጥ እንዳለ ይጠፋዋል፤ ከዚያ ፍንጭ ያመልጠዋል፤ በመጨረሻም ታሪኩ አይያያዝም ይላል። በአማርኛ የተቀዱ የቱርክ ድራማዎችን በየቀኑ ማየት የለመደ ሰው ይህን ልብ ቢለው ጥሩ ነው። እዚያ አንድ ነገር ካመለጠ በነገታው በሌላ ገጸ ባሕርይ አፍ ይደገማል፤ እዚህ ክፍሎቹ ስምንት ብቻ ስለሆኑ የሚደገም ነገር ጥቂት ነው። ዘመኑን ለመለየት ሦስት ምልክቶች ይበቃሉ። 2006 ፀሐያማና ሞቅ ያለ ቀለም አለው፤ 2014 ግራጫና ቀዝቃዛ ነው። ባፕቲስት ካነከሰ 2014 ነው። ቶኒና ኤምሊ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ከተቀመጡ 2006 ነው። 2009 ሲመጣ ግን ቀለሙን አትመኑት፤ ማን ምን እንደሚያውቅ አድምጡ።

መላ መምታት የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ወረቀት ያዙ። ለሦስቱ ዓመታት ሦስት ረድፍ አስምሩና በእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስም ትይዩ በዚያ ዓመት የሚያውቀውን ብቻ ጻፉ። የምትጠረጥሩትን አትጻፉ፤ ዕውቀቱን ብቻ። ሦስተኛው ክፍል ከማለቁ በፊት በማንም ላይ አትፍረዱ፣ ዋናዎቹ ሰዎች ተሟልተው አልቀረቡምና። ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው ማን ክፉ ይመስላል ብሎ ስለሚነሳ ነው። በዚህ ድራማ ክፉ የሚመስል ሰው ሞልቷል፤ አብዛኛውም በእርግጥ ክፉ ነው። ኦሊን ያጠፋው ግን እሱ አይደለም።

ቪንሰንት ቡርግ ለሕፃናት ባለው ዝንባሌ በፖሊስ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ጥርጣሬው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። መርማሪው ካሊድ ዚያን ምስጢር ያለበት ፖሊስ ነው፤ ጋዜጠኛው ማሊክ ሱሪ ያንን ምስጢር ይዞ መረጃ ያስወጣዋል። ከሁሉ የከበደው ኢያን ጋሬት ነው፣ በኬን ስቶት የተሠራው። ሀብታም ነጋዴ ነው፤ ልጁን ላገኘ ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ የቤተሰቡ አጽናኝ ሆኖ ይመጣል። ኋላ ማንነቱ ይገለጣል፤ ሕፃናትን የሚደፍር ሰው ነው። ቶኒ ይህን ሲደርስበት ይገድለዋል፤ ግድያውንም ይደብቃል።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አብዛኛው የተመልካች ክርክር ይህን ዘሎ ያልፋል። ብዙዎች የጋሬትን ታሪክ ማዘናጊያ ብቻ አድርገው ቆጠሩት፤ ኦሊን ካልወሰደ ለምን ያን ያህል ጊዜ ተሰጠው ብለው ጠየቁ። የጋሬት ሞት ግን ፍጻሜውን የተሸከመ ምሰሶ ነው። ቶኒ ሰው ገድሎ፣ ምስጢሩን ቀብሮ፣ የጋሬትን ሚስት ፊት ለፊት እያየ ዝም ብሎ ይኖራል። በስምንተኛው ክፍል ፊቱ የሚቆመው ሰው ደግሞ ያንኑ ያደረገ ነው። ቶኒ በዚያ ሰው ላይ ሊፈርድ የማይችለው፣ እኛም ከቶኒ ጋር ሆነን ለመፍረድ የሚያንገዳግደን በጋሬት ምክንያት ነው።

ያ ሰው የሆቴሉ ባለቤት አላን ዴሎዋ ነው። ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ለቤተሰቡ ደግ የሆነ፣ መጠጥ ያቆመ ሰው። በ2014 ሊሞት የተቃረበ ሕመምተኛ ሆኖ ሆድ ያባውን ያወጣል። በዚያች ማታ ጠጥቶ ነበር። እየነዳ ሲሄድ መንገድ ላይ ልጁን ገጨው። የሞተ መሰለው። ወንድሙን ጆርጅን ጠራ፤ ጆርጅ የከተማዋ ከንቲባ ነው። ጆርጅ ደግሞ ነገሩን የሚያጠፋ ሰው በገንዘብ አስመጣ። ልጁ ግን አልሞተም ነበር። ነቃ፤ በተደበቀበት ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ሣለ፤ የተቀጠረውን ሰው ፊት አየ፤ ሰውዬውም ምስክር እንዳይተርፍ ብሎ ፈጀው። ግድያውን አናየውም። አስከሬኑንም ማንም አያገኝም።

መላ ሲመቱ የቆዩ ተመልካቾች እዚህ ላይ ተሰበሩ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አጋች ሲፈልጉ ቆይተው አጋች አልነበረም ተባሉ። ነገሩ የመኪና አደጋ ነው፤ ቀጥሎ ፍርሃት፣ ቀጥሎ ሽፋን፣ ግድያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን መገመት ይቻል ነበር ወይ? በከፊል። የአላን የመጠጥ ታሪክ፣ የከንቲባው ወንድም መሆኑ፣ ሆቴሉ ለጠፋበት ቦታ ቅርብ መሆኑ ተነግሮናል። ነገር ግን ድራማው ዓይናችንን በሕፃናት ደፋሪዎች ላይ ስለተከለው አደጋ የሚባል ነገር ከግምታችን ወጣ። ፖሊሱም፣ ወላጆቹም፣ ጋዜጠኛውም የወጡት በዚያው መንገድ ነው። ከእነሱ የተሻለ እንድናይ የሚያደርግ መረጃ አልተሰጠንም፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር መሳሳታችን ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ።

ተቺዎቹ ልክ የሆኑበት ነገር ግን አለ። የዓመታት ጥያቄ መልስ በአንድ ሕመምተኛ ኑዛዜ መምጣቱ ደካማ ነው። ባፕቲስት ቁልፉን ፈልቅቆ አላመጣውም ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ሞት ባያጣድፈው ኖሮ ዝም ይል ነበር። ምርመራን የሚወድ ተመልካች መርማሪው ሲያሸንፍ ማየት ይፈልጋል፤ ያንን ተነፍጓል። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ይሁን እንጂ ያው ደካማ ጎን ለመጨረሻው ትዕይንት መንገድ ይከፍታል። አላን የሚያውቀው ወንድሙ የነገረውን ነው፤ ወንድሙም የሚያውቀው የተቀጠረው ሰው የነገረውን። በቶኒና በልጁ ሞት መካከል የሰው ቃል ብቻ አለ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ኤምሊ በዚያ ቃል እርሟን አወጣች፤ ማርክን አገባች። ቶኒ እርሙን ማውጣት አልቻለም።

እናም ሩሲያ። በረዶ፣ ያረጁ ፎቆች፣ ጢሙ የተንጨባረረ ቶኒ። የኦሊን ሥዕል የሚመስል ነገር ያያል፤ ወደ አንድ ልጅ ይጠጋል፤ ልጄ ነህ ይለዋል። ልጁ አያውቀውም። ፖሊስ መጥቶ ቶኒን ይወስደዋል፤ እሱ ዓይኑን ከልጁ አይነቅልም። አለቀ።

ቁጣው የፈነዳው እዚህ ነው፤ የተቆጡትም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ልጁ ኦሊ ነው ብለው አመኑና ድራማው ደፍሮ ስላላረጋገጠላቸው ተናደዱ። ሌሎቹ ለቀጣይ ምዕራፍ መሸጫ የተተወ ማማለያ አድርገው አዩት። ሁለቱም ሥዕሉን እንደ ማስረጃ ይይዛሉ። ጥርጣሬ ያላችሁ ሁለቱን ትዕይንቶች አጠገብ ለአጠገብ እዩአቸው፣ በስምንተኛው ክፍል ውስጥ ያለውን የቤቱን ግድግዳ ሥዕልና የሩሲያውን። ከዚያ የአምስት ዓመት ልጆች የሚሥሉትን ሰው አስታውሱ፤ ክብ ራስ፣ ቀጭን እጅና እግር። ያን ሥዕል የትም ሀገር ታገኙታላችሁ። ድራማው ልጁ መሞቱን ነግሮን ጨርሷል፤ በሩሲያ የሚያሳየን ያንን መቀበል ያቃተውን አባት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ጥያቄ ልጁ ምን ሆነ የሚል ነበር፤ ተመልሷል። ክፍት የቀረው የአባቱ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ መዝጊያ ማበጀት ውሸት ይሆን ነበር።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። በኦክቶበር 2016 ጀመረ፤ ባፕቲስት ብቻ ተመልሶ፣ ቤተሰቡም ቦታውም ተቀይሯል። በጀርመን የብሪታንያ ጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ከ11 ዓመት በፊት የጠፋች አሊስ ዌብስተር የምትባል ልጅ ተመለሰች ይባላል፤ ወላጆቿን ዴቪድ ሞሪሲ እና ኪሊ ሆውስ ይሠራሉ። የተመለሰችው ልጅ በእርግጥ አሊስ ናት ወይ የሚለው ጥያቄ ምዕራፉን ይዞት ይሄዳል። በፍጻሜው አሊስ ትገኛለች፤ አጋቹ ይታወቃል፤ ይሞታል። የባፕቲስት ዕጣ ግን እንደገና ክፍት ነው፦ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሲወስድ ታሪኩ ይቆማል። ያም ሆኖ የ2014ቱ ዓይነት ቁጣ በዚያ መጠን አልተደገመም። ተመልካች ክፍት ፍጻሜ አይወድም የሚባለው እንግዲህ እዚህ ይፈተሻል። የታጋቿ ጉዳይ እስከ ተዘጋ ድረስ የመርማሪው ክፍት መሆን ብዙ ሰው አላስቆጣም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ግን የልጁና የአባቱ ጉዳይ አንድ ስለሚመስል፣ አባቱ ሲከፈት ልጁም የተከፈተ መሰለ።

በእስራኤል ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት የተመልካች ምላሽ ቅርብ ነው። የጊዲዮን ራፍ የእስራኤል ድራማ «ሃቱፊም» በማርች 2010 በቻናል 2 ሲጀመር እስራኤላዊው ወታደር ጊላድ ሻሊት ገና በጋዛ በእገታ ላይ ነበር፤ የተፈታው በኦክቶበር 2011 ነው። ስለዚህ ከምርኮኞች ቤተሰቦች ወገን ቁስላችን ለመዝናኛ ዋለ የሚል ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። ያ ድራማ የሚጀምረው የተማረኩ ወታደሮች ከ17 ዓመት ምርኮ በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ ነው፤ ፍለጋ የለም። ልብ የሚሰቅለው የተመለሱት ሰዎች ምን ይዘው እንደተመለሱ ነው። ይህንን ከ«ዘ ሚሲንግ» በኋላ ማየት የሚፈልግ ሰው ፍጥነቱ ዝግ እንደሚል አስቀድሞ ይወቅ፤ ከእሱ የተወለደው የአሜሪካኑ «ሆምላንድ» ነው ሩጫ የበዛበት።

ቀሪው ስለ አብሮ ማየት ነው። «ዘ ሚሲንግ»ን በአንድ ማታ ከሁለት ክፍል በላይ አትዩት፤ በአራት ማታ ያልቃል። ስምንቱን በአንድ ቀን የሚጨርሱ ሰዎች የጋሬትን ግድያ ሳያብላሉ ስለሚያልፉት ፍጻሜው ላይ ይጋጫሉ። ሰባተኛውና ስምንተኛው በአንድ ማታ ይታዩ። ሕፃናትን ስለመድፈር በቀጥታ የሚናገሩ ትዕይንቶች ስላሉ ልጆች በሌሉበት ሰዓት ክፈቱት፤ ከቤታችሁ ልጅ የጠፋበት ወይም የሞተበት ሰው ካለ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍል ከማሳየታችሁ በፊት ስለምን እንደሆነ ንገሩት። በቴሌግራም ቡድን የምትወያዩ ከሆነ መልእክቱን የክፍሉን ቁጥር በማስቀደም ጀምሩና የሚቀጥለውን በስፖይለር መደበቂያው ሸፍኑት፤ ፎቶ ስትልኩ የሩሲያውን በረዶ አትላኩ፣ እሱን ያየ ሰው ቀሪውን ይገምታል።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው በፊት ማየት ይቻላል፤ ታሪኩ አይገናኝም። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እንድትጠብቁ እመክራለሁ። ባፕቲስት በ2014 ለኦሊ ወላጆች መልስ ያመጣው ዘግይቶ፣ ያውም በሌላ ሰው ኑዛዜ ነበር። ለአሊስ ታሞም ቢሆን በግትርነት የሚሮጠው ለምን እንደሆነ የሚገባው የመጀመሪያውን ላየ ሰው ነው።